ግራውንድ ምንድን ነው? ፍሬን ሲረገጥ ፍሬቻው የሚበራ ተሳቢ

ባለፈው ድሬ ላይ፣ ሳቢያን አካባቢ፣ ከጅቡቲ የገባ አንድ ተሳቢ መንገድ ዳር ቆሟል። ሹፌሩ ፍሬን ይረግጣል፣ ረዳቱ ከኋላ ይጮኻል።

«ጋሼ፣ ስቶፑ እኮ ጭል ጭል ነው የሚለው! ፍሬቻውም አብሮ በራ!»

«ኧረ አቦ! አምፖሉን ትናንት አይደል እንዴ የቀየርነው?»

አምፖሉ ምን በወጣው። ችግሩ ግራውንዱ ነው።

ግራውንድ የከረንት መመለሻ መንገድ ነው። ከባትሪው ፖዘቲቭ የወጣው ከረንት አምፖሉን አብርቶ ወደ ኔጌቲቩ መመለስ አለበት፣ ካልተመለሰ መብራት የለም። መኪና ላይ መመለሻው በአብዛኛው የመኪናው ብረት፣ ማለትም ሻንሲው ነው። ተሳቢ ግን የራሱ ሻንሲ አለው። ከጎታቹ፣ ማለትም ከፊት ከሚስበው መኪና ጋር የሚያገናኘው ስፒናው (የሁለቱ የመብራት ሽቦ የሚሰካካበት መሰኪያ) ውስጥ ያለች አንዲት ሽቦ ናት፣ ብዙ ጊዜ ነጭ፣ እና የኋላው መብራት በሙሉ የሚመለሰው በእሷ ነው። መንጠቆውስ ብረት አይደል ወይ ትለኝ ይሆናል። ነው፣ ግን ግራሶና ዝገት ስላለበት አይታመንም፤ መኪናው ጉድጓድ በመታ ቁጥር መብራቱ ይበራል ይጠፋል።

ነጯ ሽቦ ስትላላ ወይም ስትዝግ ነው ጉዱ የሚመጣው። በስቶፑ የገባው ከረንት መውጫ ሲያጣ በጎረቤቱ በፍሬቻው አምፖል በኩል ወደ ኋላ ይዞርና፣ የፍሬቻውን ሽቦ ይዞ እስከ ጎታቹ ድረስ ሄዶ የፊቱን ፍሬቻ አምፖል አልፎ ግራውንድ ያገኛል። ሶስት አምፖል በተርታ ተያይዞ አንዱን ባትሪ ሲካፈል ደግሞ ሁሉም ይደበዝዛል።

እንዴት ታረጋግጣለህ? ረዘም ያለ ሽቦ ፈልግ። አንዱን ጫፍ ጎታቹ ሻንሲ ላይ፣ ሌላውን ተሳቢው ሻንሲ ላይ እሰር፣ ቀለሙን ፍቀህ ግን፣ ቀለም ከረንት አያሳልፍም። መብራቱ ከተስተካከለ ጥፋቱ ነጯ ሽቦ ወይም ስፒናው ላይ ነው። ካልተስተካከለ የተሳቢውን ጫፍ ፈተህ በቀጥታ የመብራቱ ግራውንድ ላይ ንካው። አሁን ከበራ ከመብራቱ ወደ ተሳቢው ሻንሲ የሚሄደው ሽቦ ነው የላላው። መልቲሜትር (ቮልት መለኪያ) ካለህ መብራቱን አብርተህ በባትሪው ኔጌቲቭና በመብራቱ ግራውንድ መካከል ለካ። ዜሮ አካባቢ መሆን አለበት። 2 ወይም 3 ቮልት ካነበበ በቃ፣ አገኘኸው።

የኛ መስመር ደግሞ ለዚህ ችግር የተመቸ ነው። ወደብ ላይ ጨዋማ አየር፣ ከዚያ አቧራ። የዚያን ተሳቢ ስፒና ሲከፍቱት የነጯ ሽቦ ጫፍ አረንጓዴ ለብሷል። ረዳቱ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገው፣ ብሎኑን አጠበቀ፣ ስቶፑ ቦግ አለ። የደንገጎን ዳገት በማታ ሊወጡት ነበር፣ በዚያ መብራት!

አንድ መብራት ብቻ ጠፍቶ ሌላው ሁሉ ደህና ከሆነ ግን ነጯን ሽቦ ተዋት፣ መጀመሪያ አምፖሉን እይ።