ከማደንዘዣ በኋላ የሚወርድ የዓይን ቆብ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ቆቡ የወረደው መርፌው ነርቭ ስለቆረጠ ነው»
አብዛኛውን ጊዜ የተቆረጠ ነገር የለም። ሊዶኬይንም ሆነ ቡፒቫኬይን የሚባሉት ማደንዘዣዎች ሶዲየም ወደ ነርቩ የሚገባበትን መንገድ ለጊዜው ይዘጋሉ። የሚዘጉት ግን የሕመም ነርቭን ብቻ አይደለም፤ ጡንቻ የሚያንቀሳቅሰውንም ነው። ለሞራ ቀዶ ሕክምና ከዓይን ኳስ ጀርባ ወይም ዙሪያ የተወጋ ሰው ዓይኑን መግለጥ የሚያቅተው ለዚህ ነው። ሊዶኬይን ብቻ ከሆነ በጥቂት ሰዓታት ይለቃል፤ ቡፒቫኬይን ካለበት እስከ ማግስቱ ሊቆይ ይችላል። እስከዚያው ዓይኑ ይሸፈን፤ የደነዘዘ ዓይን ቢደርቅ ወይም ቢጫር ሰውየው አይሰማውም።

«ዓይኔ አካባቢ ካልተወጋሁ ቆቤ አይወርድም»
ይወርዳል። ቆቡን የሚያነሱት ሁለት ጡንቻዎች ናቸው። ትልቁን የሚያዝዘው ሦስተኛው የአንጎል ነርቭ ነው። ትንሹ፣ የሙለር ጡንቻ የሚባለው፣ ቆቡን 2 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ያደርጋል፤ ትእዛዙ የሚመጣለት ከደረት ተነስቶ በአንገት በኩል በሚወጣ የሲምፓቴቲክ ነርቭ ነው። ለትከሻ ቀዶ ሕክምና አንገት ላይ የሚወጋ ማደንዘዣ ወደዚህ ነርቭ ሲፈስ ቆቡ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ብሌኑ ይጠባል፣ በዚያ በኩል ፊት ላብ አይወጣም። ይህ ሆርነር ሲንድረም ነው፤ መድኃኒቱ ሲለቅ አብሮ ይጠፋል። ለሕመምተኛው አስቀድሞ ቢነገረው ብዙ ድንጋጤ ይቀራል።

«ጥርሴን ከታከምኩ በኋላ ዓይኔ አልከደን አለ፤ ቆቤ ወርዷል ማለት ነው»
ይህ ተቃራኒው ነው። ለታችኛው መንጋጋ የሚሰጠው መርፌ ወደ ኋላ ርቆ ጆሮ ሥር ያለው የምራቅ ዕጢ ውስጥ ከገባ የፊት ነርቭ ይደነዝዛል፤ እሱ ደግሞ ዓይንን የሚከድነው ነው። የኮንታክት ሌንስ ካለ ይውጣ፣ ሰው ሠራሽ እንባ ይጨመር፣ ቆቡ ተከድኖ በፕላስተር ይያዝ።

«የወረደ ቆብ በቀዶ ሕክምና ሲነሳ ማደንዘዣ በበዛ ቁጥር ይሻላል»
ለአንድ ቆብ ብዙውን ጊዜ 1–2 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ሲበዛ ሥጋው ያብጣል፣ ማንሻው ጡንቻም ይደክማል። ከማደንዘዣው ጋር የተቀላቀለው አድሬናሊን በበኩሉ የሙለርን ጡንቻ አነቃቅቶ ቆቡን ያነሳል። ሐኪሙ በቀዶ ሕክምናው ጠረጴዛ ላይ የሚያየው ከፍታ እውነተኛው ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ልኬቱም ሆነ የቆቡ እጥፋት ምልክት ከመርፌው በፊት ይደረጋል።

«ለወራት ከቆየ መድኃኒቱ ገና አልወጣም»
ለወራት የሚቆይ የአካባቢ ማደንዘዣ የለም። ያኔ የሚጠረጠረው በዓይን ቀዶ ሕክምናው ጊዜ ዓይኑን ከፍቶ የሚይዘው መሣሪያ ወይም እብጠቱ የማንሻውን ጅማት ማርገቡ፣ አልፎ አልፎም ማደንዘዣው ራሱ ጡንቻውን መጉዳቱ ነው። በራሱ ሊሻሻል ስለሚችል ለማረም ብዙ ጊዜ 6 ወር ያህል ይጠበቃል።

«ከመርፌው በኋላ የመጣ ሁሉ ከመርፌው ነው»
ይህ አደገኛው ነው። ማደንዘዣው ሊለቅ ከሚገባው ሰዓት በኋላ ብሌኑ ሰፍቶ ዓይኑ ወደ ውጭና ወደ ታች ካዘነበለ፣ ከባድ ራስ ምታትም ካለ፣ አንጎል ውስጥ ያበጠ የደም ሥር ሦስተኛውን ነርቭ ተጭኖት ሊሆን ይችላል። ብሌኑ ጠብቦ አንገት የሚያም ከሆነ ደግሞ የአንገት ደም ወሳጅ ግድግዳ መሰንጠቅ ይጠረጠራል። ሁለቱም በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ያስኬዳሉ።