«የሰማንያ ዓመት ታሪክ ማን ያነባል?» ስለ አዳዲስ ኮሚኮች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስለ ኮሚክ፣ ማለትም በተከታታይ ሥዕሎች ስለሚተረክ ታሪክ፣ ባወራሁ ቁጥር ተደጋግመው የሚመጡ አባባሎች አሉ። አብዛኞቹ ከክፋት የመጡ አይደሉም። ሰው የሱፐርሂሮ ፊልም ይወድና ኮሚኩን ለማንበብ ይነሳሳል። ከዚያ የሆነ ቦታ የሰማው ነገር ወደኋላ ይመልሰዋል። በዚህ አጋጣሚ ስንት ግሩም ሥራ ሳይነበብ እንደሚቀር ሳስብ ይቆጨኛል። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ የወጡት የሱፐርሂሮና የፋንታሲ ኮሚኮች ደግሞ እንዲህ በዋዛ የሚታለፉ አይደሉም። ስለዚህ አባባሎቹን አንድ በአንድ ላንሳቸው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ከመጀመሪያው ካልጀመርኩ አይገባኝም»

ከሁሉም በላይ የምሰማው ይህን ነው። ፍርሃቱ ይገባኛል። ሱፐርማን የወጣው በ1938 ነው። ባትማን በ1939 ተከተለ፣ ስፓይደርማን በ1962። ሱፐርማን የጀመረበት አክሽን ኮሚክስ በ2018 አንድ ሺኛ ዕትሙን አውጥቷል። ይህን ሁሉ አንብቤ ልድረስበት ያለ ሰው ገና ሳይጀምር ይደክመዋል።

እውነታው ግን ማንም ይህን አይጠብቅባችሁም። አሳታሚዎቹም ችግሩን ስለሚያውቁት ከዜሮ የሚጀምሩ ታሪኮችን ያወጣሉ። ማርቭል በጥር 2024 «አልቲሜት ስፓይደርማን»ን ጀመረ። ጸሐፊው ጆናታን ሂክማን፣ ሰዓሊው ማርኮ ኬኬቶ ነው። እዚህ ታሪክ ውስጥ ስፓይደርማን የሚሆነው ፒተር ፓርከር ተማሪ አይደለም። ሚስትና ሁለት ልጆች ያሉት ጎልማሳ ነው። ኃይሉን የሚያገኘው ከዚያ በኋላ ነው። እኔን የያዘኝ ድብድቡ አይደለም። ከመጀመሪያዎቹ ዕትሞች በአንዱ ውስጥ ሁለት ባልና ሚስት ለእራት ተቀምጠው ያወራሉ፤ ዕትሙ በአመዛኙ በዚሁ ወሬ ያልቃል። አንብቤ ስጨርስ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩት። ጭምብል የሚያጠልቅ አባት ለልጆቹ ምን ይላቸዋል? ጀግናው የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ እያለ ይህ ጥያቄ ሊነሳ አይችልም ነበር።

ዲሲ በጥቅምት 2024 «አብሶሉት» የተባለውን መስመር በባትማን ጀመረ። ስኮት ስናይደር ጻፈው፣ ኒክ ድራጎታ ሳለው። ባትማን የሚሆነው ብሩስ ዌይን እዚህ ሀብታም አይደለም። አባቱ አስተማሪ ነበር፤ እናቱ በሕይወት አለች፤ እሱ ራሱ መሐንዲስ ነው። ደረቱ ላይ ያለው የሌሊት ወፍ ምልክት ተነቅሎ መጥረቢያ ይሆናል። ሐሳቡን መጀመሪያ ስሰማ አልተዋጠልኝም። ባትማን ያለ ገንዘቡ ምን ይቀረዋል ብዬ ነበር። አንብቤ ሳየው የቀረው እልኸኝነቱና የእጁ ሙያ ነው። ይህም ከበቂ በላይ ሆኖ አገኘሁት።

ከሦስቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ግን «አብሶሉት ወንደር ውማን»ን አነሳለሁ። ኬሊ ቶምፕሰን ጻፈችው፤ ሥዕሉ የሄይደን ሸርማን ነው። ወንደር ውማን የምትባለው ዲያና ያደገችው ከወገኖቿ፣ ከሴት ጦረኞቹ አማዞኖች፣ ደሴት ርቃ ሲኦል ውስጥ ነው፤ ያሳደገቻት ጠንቋይዋ ሰርሲ ናት። የምትጋልበው ባለ ክንፍ ፈረስ አጥንት ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ስትሰሙ ጨለማ ታሪክ ይመስላችኋል። ሆኖም ሲኦል ያደገችው ሴት ከሁሉም ይልቅ ርኅሩኅ ናት። ጭራቁንም ከመግደሏ በፊት ልትረዳው ትሞክራለች። ሥራው በ2025 ለኮሚክ ሥራዎች የሚሰጠውን የአይስነር ሽልማት በምርጥ አዲስ ተከታታይ ዘርፍ ወስዷል፤ ይገባዋል።

ሦስቱንም ከቁጥር አንድ ብትጀምሩ የሚጎድልባችሁ ነገር የለም።

«ፊልሙን አይቼዋለሁ፣ ይበቃኛል»

ፊልምና ኮሚክ ገጸ ባሕርይ ይጋራሉ። አሠራራቸው ግን ለየቅል ነው። በፊልም ጊዜውን የያዘው ዳይሬክተሩ ነው። በኮሚክ ጊዜው በአንባቢው እጅ ነው። አንድ ፍሬም፣ ማለትም ገጹ ላይ ለብቻው የተከለለ አንድ ሥዕል፣ ላይ አምስት ደቂቃ ብትቆዩ የሚያቻኩላችሁ የለም።

በሁለት ፍሬሞች መካከል ያለችውን ነጭ ክፍተት ልብ በሉ። በመጀመሪያው ፍሬም ቡጢ ተነስቷል። በሁለተኛው ሰውየው ወድቋል። ምቱ የት ነው? አልተሳለም። ምቱን የመታችሁት እናንተ ናችሁ፣ በአእምሯችሁ። ኮሚክን እንዲህ የምወደው በዚህ ምክንያት ነው።

የገጽ መግለጥም አለ። ጎበዝ ሰዓሊ ትልቁን ነገር በቀኝ ገጽ ላይ አያስቀምጠውም፤ ገና መጽሐፉን ስትከፍቱ ዓይናችሁ ይገባበታልና። ጥያቄውን ከቀኝ ገጽ ግርጌ ይተውና መልሱን ስትገልጡት ያሳያችኋል። ድራጎታ በዚህ የተካነ ነው። አንዱን ገጽ በትናንሽ ፍሬሞች ያጭቀዋል፣ ትንፋሽ ያሳጥራችኋል፤ ከዚያ ስትገልጡ ሁለት ገጽ የሞላ አንድ ሥዕል ይጠብቃችኋል። ለዚህ ነው በስልክ ላይ ፍሬም በፍሬም እያሳየ የሚያስነብበውን ዘዴ የማልመክረው። ታሪኩ ይገባል፣ የገጹ ቅርጽ ግን ይጠፋል። በስክሪን የምታነቡ ከሆነ ቢያንስ ሙሉውን ገጽ በአንድ ጊዜ እዩት።

«ኮሚክ የልጆች ነገር ነው»

የልጆች እንዲሆን የተደረገው በቁጥጥር ሕግ ነው። በ1954 በአሜሪካ ኮሚክ ልጆችን ያበላሻል የሚል ትልቅ ጩኸት ተነስቶ ጉዳዩ የሴኔት ኮሚቴ ፊት ቀረበ። አሳታሚዎቹ ፈርተው የራሳቸውን የቁጥጥር ሕግ አወጡ። ባለሥልጣን መናቅ የለበትም፣ ክፉ ሁሌ መሸነፍ አለበት፣ የሚሉ መመሪያዎች ነበሩበት። ስፓይደርማን በ1971 ስለ አደንዛዥ ዕፅ ጉዳት ታሪክ ሲያወጣ ሕጉን ላከበረ ኮሚክ የሚሰጠው ማኅተም ተከልክሎ ያለ ማኅተም ታተመ። ማርቭል ሕጉን በ2001 ተወው። ዲሲ እስከ 2011 ቆይቷል። በመካከሉ፣ በ1992፣ ናዚዎች በአይሁዶች ላይ ስለፈጸሙት እልቂት የተሠራው ኮሚክ «ማውስ» የፑሊትዘር ልዩ ሽልማት አግኝቷል። ለልጆች የሚሆኑ ግሩም ኮሚኮች አሉ፤ እሰየው። ሁሉም የልጆች ነው ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

«ሥራው የጸሐፊውና የሰዓሊው ነው»

እኔም ለረጅም ጊዜ እንዲህ ይመስለኝ ነበር። ከላይ ራሴ ያነሳኋቸውን ስሞች ተመልከቱ፤ ጸሐፊና ሰዓሊ ብቻ ናቸው። ይህ ትክክል አይደለም።

አንድ የተለመደ ወርኃዊ ዕትም ሃያ ገጽ ያህል ታሪክ አለው። ሰዓሊ በቀን አንድ ገጽ ከጨረሰ ጥሩ ፍጥነት ነው። ብዙ ጊዜ በእርሳስ የተሳለውን በጥቁር ቀለም የሚያጠራው ሌላ ሰው ነው። ይህ ሰው መስመር ላይ መስመር የሚደግም ይመስላል፤ ነገር ግን ጥላው የት እንደሚወፍር፣ መስመሩ የት እንደሚሳሳ የሚወስነው እሱ ነው።

ከዚያ ቀለም ቀቢው ይመጣል። «ቀለሙን ኮምፒውተር ነው የሚሠራው» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ኮምፒውተሩ ብሩሹ ነው፤ የሚመርጠው ሰው ነው። የ«አብሶሉት ወንደር ውማን» ቀለም የጆርዲ ቤሌር ነው። ያ ሲኦል የሚነደው በእሷ ምርጫ ነው። አንዱን ገጽ ቀለሙን አጥፍታችሁ አስቡት። ቤቱ ከውጭው፣ ትዝታው ከአሁኑ አይለይም። በ«አብሶሉት ባትማን» ደግሞ ፍራንክ ማርቲን አለ፤ ከተማው እንዲያ የቆሸሸና የከበደ ሆኖ የሚሰማችሁ ከእሱ የተነሳ ነው።

መጨረሻ ላይ ንግግሩን በአረፋዎቹ ውስጥ የሚያስቀምጠው ሰው አለ። ሥራው በደንብ ከተሠራ አይታይም። አረፋዎቹ ዓይናችሁን ይዘው ከሥዕል ወደ ሥዕል ይወስዷችኋል። ካልተሠራ መጀመሪያ መልሱን፣ ቀጥሎ ጥያቄውን ታነባላችሁ።

ስም መጥራት ትንሽ ነገር አይደለም። ባትማንን በመፍጠር ትልቅ ድርሻ የነበረው ቢል ፊንገር በ1974 ሞተ። ስሙ በፈጣሪነት ከቦብ ኬን ጎን በይፋ መጻፍ የጀመረው በ2015 ነው። ስለዚህ አዲስ ኮሚክ ስታነቡ የስሞቹን ገጽ አትዝለሉት።

«ቁጥር አንድ ዕትም ገዝቼ ባስቀምጥ ሀብት ነው»

ይህን የሚያምን ሰው ገንዘቡን ያጣል፤ ስለዚህ በግልጽ ልናገር። አዎ፣ የ1938ቱ አክሽን ኮሚክስ ቁጥር አንድ ቅጂ በ2024 በጨረታ በ6 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። ሲወጣ ዋጋው 10 ሳንቲም ነበር። ግን ለምን ተወደደ? ጠፍቶ ነዋ። ሰው አንብቦ ጣለው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ወረቀት ሲሰበሰብም ብዙ ኮሚክ አብሮ ሄደ። ያኔ ለንግድ ብሎ ያስቀመጠው ሰው አልነበረም።

አሁን 1991ን እዩ። አዲሱ «ኤክስ-መን» ቁጥር አንድ በተለያዩ ሽፋኖች ወጥቶ ከ8 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። ብዙ ሰው ደራርቦ ገዛ፣ በፕላስቲክ አሽጎ አስቀመጠ። ሁሉም ስላስቀመጠው ዛሬም በርካሽ ይገኛል። የግዢው ግርግር ሲያበቃ የኮሚክ መደብሮች በብዛት ተዘጉ። ማርቭል ራሱ በታኅሣሥ 1996 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ዛሬም አንድ ዕትም በአሥራ ምናምን ሽፋን ሲወጣ ሳይ ያ ጊዜ ትዝ ይለኛል። ሽፋኑን ከወደዳችሁት ግዙት። ለትርፍ ብላችሁ ከሆነ ግን ይቅርባችሁ።

«ቢሞትም ይመለሳል፣ ስለዚህ ሞቱ ትርጉም የለውም»

ብዙዎቹ ይመለሳሉ፣ እውነት ነው። ሱፐርማን በኅዳር 1992 ሞቶ በቀጣዩ ዓመት ተመለሰ። ይሁን እንጂ በ1988 ስለ ሁለተኛው ሮቢን፣ ስለ ባትማን ወጣት ረዳት ስለ ጄሰን ቶድ፣ የሆነውን አስቡ። ይኑር ወይስ ይሙት ተብሎ አንባቢ በስልክ ድምፅ ሰጠ። 5,343 ይሙት አለ፣ 5,271 ይኑር አለ። በ72 ድምፅ ልጁ ሞተ። የተመለሰው በ2005 ነው፣ ከአሥራ ሰባት ዓመት በኋላ። በእነዚያ ዓመታት የባትማን ታሪክ የልጅ ሐዘን ያለበት ሰው ታሪክ ነበር። በኋላ መመለሱ ያንን አልሰረዘውም።

«ፋንታሲ ማለት ሰይፍና ዘንዶ ነው»

ሰይፍና ዘንዶ እወዳለሁ። ነገር ግን «ሞንስትረስ»ን ክፈቱ። ከ2015 ጀምሮ ማርጆሪ ሊው ትጽፈዋለች፣ ሳና ታኬዳ ትስለዋለች። አንድ እጇን ያጣች ወጣት፣ ውስጧ የሚኖር ጥንታዊ ፍጡር፣ የሚናገሩ ድመቶች አሉበት። ከሥሩ ያለው ግን ጦርነት በተረፈ ሰው ላይ የሚያደርገው ነገር ነው። ሊው በ2018 የአይስነርን የምርጥ ጸሐፊ ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች። የታኬዳን የልብስና የሕንፃ ጌጥ ለማየት ብቻ ያነበብኩትን ገጽ ሦስቴ እመለስበታለሁ።

«ሳጋ»ም አለ። በ2012 በብራያን ኬ. ቮንና በፊዮና ስቴፕልስ ተጀመረ። ከሚዋጉ ሁለት ወገኖች የመጡ ባልና ሚስት ልጃቸውን ይዘው ይሸሻሉ፤ ታሪኩን የምትነግረን ልጅቷ ናት። አስማት አለ፣ የጠፈር መንኮራኩርም አለ። በ2018 በ54ኛው ዕትም ቆመ። ብዙዎች ቀረ ብለው ተስፋ ቆረጡ። በጥር 2022 ተመለሰ። ስለዚህ የዘገየ ሁሉ ሞተ አትበሉ፤ ጥቂት ሰዎች የሚሠሩት ሥራ ማረፍ ያስፈልገዋል።

«ጥሩ ከሆነ ራሱ ይሸጣል»

ይህኛው አዳዲስ ሥራዎችን በትክክል የሚጎዳ ነው። የአሜሪካ የኮሚክ መደብሮች ዕትሞቹን የሚያዙት ከመውጣታቸው ሳምንታት ቀድመው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ያልተሸጠውን መመለስ አይችሉም። ስለዚህ ባለ መደብሩ የማያውቀውን አዲስ ሥራ በጥንቃቄ፣ በትንሹ ያዛል። የአሳታሚው ውሳኔ ደግሞ በዚያ ትዕዛዝ ላይ ይመሠረታል። «ተጠራቅሞ በአንድ ጥራዝ ሲወጣ አነበዋለሁ» ብለን ስንጠብቅ ተከታታዩ በስድስተኛው ዕትም ሊቆም ይችላል።

ባትማን ይህ አያሰጋውም። የሚያሰጋው ማንም ስማቸውን የማያውቃቸውን አዲስ ጸሐፊና ሰዓሊ ነው። እኔ በዚህ ምክንያት አንድ ነገር ለምጃለሁ። ቁጥር አንድን አንብቤ ከወደድኩት፣ ሁለትንና ሦስትን ገና ሳይወጡ አዛለሁ። ከዚያ ለማገኘው ሰው ሁሉ ስለ እሱ አወራለሁ፣ የቀለም ቀቢውን ስም ጨምሬ።