የመጋረጃ ሳጥን፦ ድሬ ላይ የሚባለውና እውነታው

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ያለው ቤታችን ሳሎን መስኮት ላይ በቅርቡ የመጋረጃ ሳጥን ሠርቼ ሰቀልኩ። የመጋረጃውን ዘንግና ቀለበት ከፊት፣ ከጎንና ከላይ የሚሸፍን፣ ከታች ክፍት የሆነ የእንጨት ጌጥ ነው። ፈረንጆቹ ኮርኒስ ይሉታል። እኛ ጋ ኮርኒስ ማለት ሌላ ነው። አናጺውን «የመስኮት ኮርኒስ» ብላችሁ ካዘዛችሁት አንገቱን ቀና አድርጎ ጣራ ጣራውን ማየት ይጀምራል። «የመጋረጃ ሳጥን» በሉት፣ ወዲያው ይገባዋል።

ሳጥኑን ስሠራ ቡና ሊጠጣ የገባ ጎረቤት ሁሉ ምክር ሰጥቶኛል። ግማሹ ልክ አልነበረም።

«አቦ፣ ይሄ ነገር ቤቱን ያሞቃል!»

ከሁሉም በላይ የሰማሁት ይህንን ነው። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የመታው መስታወት ከመጋረጃው ጀርባ ያለውን አየር ያሞቀዋል። የሞቀ አየር ደግሞ ወደ ላይ ይወጣል። ላዩ ክፍት ከሆነ በዘንጉ በኩል አልፎ ሳሎን ይገባል፤ ከስር ሌላ አየር ይስባል፤ እንዲህ ሲዞር ይውላል። የሳጥኑ ላይ በጣውላ ከተዘጋና ከግድግዳው ጋር ከገጠመ ይህ ዙር ይዳከማል። ስለዚህ የላይኛውን ጣውላ «ማን ያየዋል» ብላችሁ አትዝለሉት፤ አቧራም የሚከላከለው እሱ ነው።

ተአምር ግን አትጠብቁ። ፀሐይ መስታወቱን አልፎ ከገባ በኋላ የሚሠራ ነገር ሁሉ ግማሽ መፍትሔ ነው። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም ድሬ ከደረሰ በኋላ በተቆረቆረችው ከዚራ የድሮ ቤቶቹን እዩ፦ የእንጨት መዝጊያቸው ከመስታወቱ ውጭ ነው። ያኔ የሠሩት ሰዎች ገብቷቸው ነበር።

«መስኮቱን ለክተህ መቁረጥ ነው።»

ይህንን ያመንኩት እኔ ነኝ፣ ከሰርኩም። መስኮቱ 120 ሴንቲ ነው፤ ትንሽ ይትረፍ ብዬ የፊቱን ጣውላ 130 ላይ ቆረጥኩት። ልገጥም ስል ዘንጉ ከነጫፉ 146 ሴንቲ ሆኖ ተገኘ! ያ ጣውላ ዛሬ ኩሽና ውስጥ የበርበሬና የሽሮ ጣሳ ተደርድሮበታል።

የሚለካው ዘንጉ ነው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። በየጎኑ 5 ሴንቲ ጨምሩ፤ የእኔ የውስጡ ስፋት 156 ወጣ። የፊቱ ጣውላ የጎኖቹን ውፍረት ስለሚሸፍን ባለ 2 ሴንቲ ጣውላ ከሆነ 4 ሴንቲ ይጨመራል፦ 160። ከግድግዳው ወደ ፊት ያለው ጥልቀት ለአንድ ዘንግ 15፣ ስስና ወፍራም መጋረጃ ለሚደርብ ሰው 20 ይሁን። አለበለዚያ መጋረጃው እየተፋተገ ይያዛል። የፊቱን ቁመት እኔ 22 አድርጌዋለሁ።

ማዕዘኑ በ45 ዲግሪ ካልተቆረጠ አያምርም የሚሉም አሉ። በእጅ መጋዝ 45 ዲግሪ አስተካክሎ መቁረጥ ለለመደው ነው። የፊቱን ጣውላ በጎኖቹ ላይ አሳልፉት፣ በኮላና በብሎን ያዙት፣ መገናኛውን ስቱኮ ሙሉትና በብርጭቆ ወረቀት እሹት። ከፊት ምንም አይታይም።

«ዋንዛ ከሆነ አይጣመምም።»

ዋንዛም ቢሆን እርጥቡን ከገዛችሁት ይጣመማል። እንጨት ሲደርቅ የሚያጥረው በወርዱ ነው፣ በርዝመቱ ለውጡ እዚህ ግባ አይባልም። ስለዚህ ሰፊ ጣውላ እርጥብ እያለ ከተመታ ይሰነጠቃል። ገዝታችሁ ቤት ውስጥ፣ በየመሃሉ ቀጫጭን እንጨት አድርጋችሁ ጥቂት ሳምንት አቆዩት። ፀሐይ ላይ ማስጣት ግን አይሆንም፤ አንዱ ፊት ቀድሞ ይደርቅና ይቀለበሳል። ባሕር ዛፍ ለዚህ ሥራ አልመክርም። ቀለም የምትቀቡት ከሆነ ኮምፔልሳቶ ይበቃል።

«ምስማር ይበቃዋል።»

አይበቃውም። የእኔ ሳጥን ወደ 6 ኪሎ ይመዝናል፣ የሚሰቀለው ደግሞ ከሰው ራስ በላይ ነው። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ ምስማሩ የሚይዘው ስስ ቅርፊት ብቻ ነው። ከመስኮቱ በላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ኮንክሪት ነው፤ እዚያ ምስማሩ ይጎብጣል። በድሪል በስታችሁ 8 ሚሊ ፊሸር (ብሎኑን ግድግዳ ውስጥ አጥብቆ የሚይዘውን ፕላስቲክ) ክተቱ። መጀመሪያ ጠባብ ጣውላ በውሃ ልክ ግድግዳው ላይ እሰሩ፤ ከዚያ ሳጥኑን እላዩ ላይ አስቀምጣችሁ ከላይ ወደ ታች በብሎን ያዙት። ሲሰቀል ሁለት ሰው ያስፈልጋል።

ጌጡን በተመለከተ፣ ብዙዎች ቅርጻ ቅርጽ ካልሆነ ጌጥ አይመስላቸውም። ሐረር ጁገል ውስጥ እንዳሉት የተቀረጹ በሮች ያለ ነገር ከፈለጋችሁ ለባለሙያው ስጡ። እኔ የፊቱን ታችኛ ጠርዝ ብቻ ነው በሞገድ የቆረጥኩት። በጣውላው ልክ ወረቀት ቆርጣችሁ ለሁለት እጠፉት፤ ግማሹን ብቻ ሣሉና በመቀስ ቁረጡ፤ ሲዘረጋ ግራና ቀኙ እኩል ይወጣል። እናቴ የመጀመሪያውን ወረቀት አይታ «የሌሊት ወፍ ነው እንዴ?» አለች። ሦስተኛው ላይ ዝም አለች፣ እሱን ቆረጥኩ።

የመጨረሻው፦ «ቫርኒሹን ቀትር ላይ ቀባው፣ ቶሎ ይደርቃል።» በዚያ ሙቀት ላዩ ብቻ ቶሎ ይደርቅና አረፋ አረፋ ይሠራል፣ የብሩሹ መስመርም ይቀራል። ጠዋት፣ ጥላ ውስጥ፣ ስስ አድርጋችሁ ሁለቴ ቀቡ። ከምሳ በኋላማ የሚያግዛችሁም አታገኙም፤ ሰዉ በርጫ ላይ ነው።