አይቨርሜክቲን ምንድን ነው?

«ክኒኑ ውሸት ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ዋጥን፤ ማሳከኩ ተመልሶ መጣ።» ጃዊም መተከልም ይህን ስሰማ ኖሬያለሁ። ሰሞኑን ግን አንድ የተማሩ ሰው ይህንኑ ጽፈው ሳይ ዝም ማለት አቃተኝ።

አይቨርሜክቲን፣ በዘመቻ ሲታደል ሜክቲዛን የሚባለው፣ ኦንኮ (ኦንኮሰርኪያሲስ) የሚባለውን የቆዳና የዓይን በሽታ የሚያመጣው የኦንኮሰርካ ትል መድኃኒት ነው። ሜርክ የተባለው ኩባንያ ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ ይሰጠዋል። ውሸት አይደለም። ግን ትልቁን ትል አይገድልም። ጭቅጭቁ ሁሉ የሚመጣው ይህን ካለማወቅ ነው።

እናቲቱ ትል ከቆዳ ሥር፣ ብዙ ጊዜ ዳሌና ጎድን አካባቢ፣ ሲዳስሱት ሸርተት የሚል ጠጣር ጉብታ ውስጥ ተጠቅልላ ትኖራለች። ከ10 እስከ 15 ዓመት። ዓይን የማያያቸው ልጆቿ ቆዳ ውስጥ ይሰራጫሉ። የሚያሳክኩት፣ ቆዳ የሚያሻክሩት፣ ዓይን ከደረሱም የሚያሳውሩት እነሱ ናቸው።

ኩይሳን አስቡ። ምስጥ ቤታችሁን ወረረ፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ጠርጋችሁ ጨረሳችሁ። ንግሥቲቱ ግን ከመሬት በታች ናት። ክኒኑ ግድግዳውን ይጠርጋል፤ ንግሥቲቱንም ለወራት ከመውለድ ያግዳታል። ከዚያ እንደገና ትጀምራለች። እሷ አርጅታ እስክትሞት ግድግዳውን ደጋግሞ መጥረግ ነው። በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ፣ ለዓመታት ዋጡ የምንለው ለዚህ ነው። ጸሐፊው «ካላዳነ ለምን?» ይላሉ። ንግሥቲቱ ገና አልሞተችማ!

ደግሞም የዚህ ትል ልጆች እዚያው ሰው ላይ አድገው እናት አይሆኑም። ጥቁር ዝንብ ሰውን ስትነክስ ልትመጥጣቸውና ሰውነቷ ውስጥ ተለውጠው ወደ ሰው መመለስ አለባቸው። ዝንቧ የምትራባው በፈጣን ወንዝ ላይ ነው። ስለዚህ «እኔን አያሳክከኝም» ብሎ ክኒኑን ሳይውጥ የሚቀር ሰው ትሉን ለጎረቤቱ ያተርፋል።

«የጎረቤቴ ልጅ በዚሁ ክኒን በሳምንት ዳነ» የሚሉም አሉ። ያ ልጅ የያዘው እከክ ይሆናላ! አይቨርሜክቲን የእከክን ተባይ ይገድላል፤ እንቁላሉን ስለማይገድል ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ይደገማል። አንድ ክኒን፣ ሁለት የተለያየ በሽታ። በደጋው ጎጃም እግር የሚያሳብጠው ፖዶኮኒዮሲስ ደግሞ ጭራሽ ትል አይደለም። በባዶ እግር ቀይ አፈር ከመርገጥ ይመጣል፤ ይህ ክኒን አይረዳውም።

ከዋጡ በኋላ ፊት ማበጥ፣ ማሳከክ፣ ትኩሳት ቢመጣ ብዙውን ጊዜ ልጆቹ ቆዳ ውስጥ ሲሞቱ ነው። በአብዛኛው በቀናት ውስጥ ይለቃል፤ ከጠና ጤና ኬላ ይሂዱ።

ልብ በሉ፤ በዘመቻው ለነፍሰ ጡር፣ ከወለደች ሳምንት ላልሞላት እናት፣ ለጠና ታማሚና ቁመቱ 90 ሴንቲ ሜትር ላልሞላ ልጅ አይሰጥም። መጠኑ በቁመት መለኪያው እንጨት እየታየ ከ1 እስከ 4 ክኒን ነው። ለከብት የሚወጋውን አይቨርሜክቲን ለራሳችሁ እንዳትሞክሩት። እናቲቱን የሚያዳክም ዶክሲሳይክሊን የሚባል ሌላ መድኃኒት አለ፤ ነገር ግን በየቀኑ ለሳምንታት ስለሚወሰድ ለዘመቻ አይመችም፤ ሐኪም ነው የሚያዘው።

ለሥራ ወደ ቆላ ወርዳችሁ ደጋ የምትመለሱ ወንድሞቼ፣ ዕደላው አምልጧችሁ ይሆናል። ካሳከካችሁ፣ ለጤና ባለሙያው የሠራችሁበትን ቦታ ንገሩ። ካልነገራችሁት ኦንኮ ላይታሰበው ይችላል።