ደረት ላይ ያለችው የነሐስ ኮከብ
አሜሪካ ያለ ወንድማችሁ የወታደር ልብስ ለብሶ ፎቶ ሲልክ፣ ደረቱ ላይ የተደረደረውን ሁሉ ቶሎ የጀግንነት ሽልማት አታድርጉት። አንዱ የብሔራዊ መከላከያ አገልግሎት ሜዳሊያ ነው። እሱን ለማግኘት መዝመት አያስፈልግም። ከሴፕቴምበር 11፣ 2001 እስከ ዲሴምበር 31፣ 2022 ባለው ጊዜ በክብር ያገለገለ ይሰጠዋል፣ ቢሮ ውስጥ ወረቀት ሲያገላብጥ የከረመም ቢሆን። በ2023 የገባ ግን አመለጠው።

ሰው የሚያደናግረው ኮከቡ ነው። የሜዳሊያው ሪባን (ባለ ቀለሙ ጨርቅ) ላይ ያለችው ትንሽዬ የነሐስ ኮከብ ሜዳሊያው በሌላም የጦርነት ዘመን ተገኝቷል ማለት ናት፤ በ1991 በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ጊዜ ወታደር የነበረና ከ2001 በኋላም ያገለገለ ሰው ይኖራታል። «ብሮንዝ ስታር» የሚባለው ሜዳሊያ፣ ስሙ «የነሐስ ኮከብ» ማለት ቢሆንም፣ ፈጽሞ ሌላ ነው። እሱም ቢሆን ውጊያ ባለበት ቦታ ለተሠራ ጥሩ ሥራም ይሰጣል። ጀግንነቱን ካላችሁ «ቪ» የምትለዋን ፊደል ፈልጉ።