ሚኔሶታ፦ የሰፋሪዎችና የስደተኞች ታሪክ ከዳኮታ ምድር እስከ ሴዳር ሪቨርሳይድ

ሚኔሶታ በአሜሪካ ሰሜን ከካናዳ ጋር የምትዋሰን፣ በዓመት አራት አምስት ወር በረዶ የማይለቃት ግዛት ናት። በ1850 (ዘመኑ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በተደረገው ቆጠራ የተመዘገበው ሕዝቧ 6,077 ብቻ ነበር፤ ነባር ሕዝቦቿን አብዛኞቹን ቆጠራው አላካተተም። ከአሥር ዓመት በኋላ 172,023 ደረሰ። በ1900 ከ1.75 ሚሊዮኑ ነዋሪ ከአሥሩ ሦስት የሚጠጋው ውጭ አገር የተወለደ ነበር። ይህ ድርሻ በ1990 ወደ 2.6 በመቶ ወርዶ አሁን እንደገና ከ8 በመቶ አልፏል።

ያንን ብርድ ችሎ ሰው ለምን እዚያ እንደሚሄድ ብዙዎች ይጠይቃሉ። መልሱ በየዘመኑ ተመሳሳይ ነው። የሚታረስ መሬት ወይም ቋንቋ የማይጠይቅ ሥራ አለ፣ ቀድሞ የሄደ ዘመድ አለ፣ አዲስ መጪውን ተቀብሎ የሚያቋቁም ቤተ ክርስቲያን ወይም ድርጅት አለ። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ሰፈራው ብዙ ጊዜ አይጸናም።

መሬቱ ባዶ አልነበረም። የዳኮታና የኦጂብዌ ሕዝቦች አገር ነው። በ1851 በተፈረሙት ሁለት ስምምነቶች ዳኮታዎች ወደ 24 ሚሊዮን ኤከር መሬት ለቀው በሚኔሶታ ወንዝ ዳር በጠባብ ክልል ተወሰኑ። በ1862 ክረምት መንግሥት ሊከፍላቸው የተስማማው ዓመታዊ ገንዘብ ዘገየ፤ ረሃብ ገባ፤ ነሐሴ ላይ ጦርነት ተነሣ። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ወታደራዊ ችሎት 303 ሰዎች ላይ ሞት ፈረደ። ፕሬዚዳንት ሊንከን የአብዛኞቹን ፍርድ ቢያስቀሩም ታኅሣሥ 26 ቀን 1862 ማንካቶ ከተማ ላይ 38 ዳኮታዎች በአንድ ጊዜ ተሰቀሉ። በማግሥቱ ዓመት ዳኮታዎች ከግዛቷ ተባረሩ። ስለ ጀርመንና ስለ ስካንዲኔቪያ ሰፋሪዎች ጀግንነት ብቻ የሚያወራ ታሪክ ይህን ሲዘል ጎደሎ ነው፤ እነሱ ያረሱት መሬት የተገኘው በዚህ መንገድ ነውና።

በዚያው በ1862 የወጣው የሆምስቴድ ሕግ ለአንድ አባወራ ወይም ዕድሜው 21 ለሞላ ሰው 160 ኤከር፣ ማለትም 65 ሄክታር ገደማ፣ ይሰጥ ነበር። ያላገባች ሴትም ትችላለች። ጠያቂው ዜጋ ካልሆነ ዜጋ ለመሆን ማሰቡን በፍርድ ቤት አስመዝግቦ «የመጀመሪያ ወረቀት» ማውጣት አለበት። የመዝገብ ክፍያው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ 18 ዶላር ነው። ከዚያ ቤት ሠርቶ፣ አርሶ፣ አምስት ዓመት ኖሮ፣ ሁለት ምስክር አቁሞ ባለቤትነቱን ያስረጋግጣል። ለመጠበቅ ትዕግሥት ያጣ ደግሞ ከስድስት ወር በኋላ በኤከር 1.25 ዶላር ከፍሎ ይገላገላል። መሬቱ በነጻ ነው ቢባልም በሬው፣ ማረሻውና ዘሩ በነጻ አይገኙም፤ የመጀመሪያው ዓመት ምርትም ጥቂት ነው። ብዙዎችን የጣላቸው ይህ ነበር። ከ1873 እስከ 1877 አንበጣ ደቡብ ምዕራቡን ደጋግሞ ሲበላው ዕዳ የነበረበት ብዙ ሰው ለቀቀ።

ግዛቷ ራሷም ሰው ትጠራ ነበር። በ1867 የስደተኞች ቦርድ አቋቁማ በስዊድንኛ፣ በኖርዌይኛና በጀርመንኛ መጽሔት እያሳተመች አውሮፓ ድረስ ላከች፤ የቦርዱ ዋና ሰው ሃንስ ማትሰን ራሱ ከስዊድን የመጣ ነበር። የመጀመሪያ ወረቀት ያወጣ ሰው ዜግነት ሳያገኝ የመምረጥ መብቱ እስከ 1896 ስለቆየ ፖለቲከኞች አዲስ መጪን የሚንቁበት ምክንያት አልነበራቸውም። በ1892 ኖርዌይ የተወለደው ክኑት ኔልሰን አገረ ገዥ ሆኖ ተመረጠ።

ጀርመኖች በቁጥር ቀዳሚዎቹ ሆኑ። ካቶሊኮቹ በ1856 በመጡት የቤኔዲክት መነኮሳት ዙሪያ ስቴርንስ አውራጃን ሞሉት፤ ከሃይማኖት የራቁት ደግሞ ኒው አልም ላይ ሰፈሩ። ስዊድኖች ከ1850ዎቹ ጀምሮ የቺሳጎ ሐይቆችን አካባቢ፣ ኖርዌዮች የደቡብ ምሥራቁን ሸለቆዎችና ኋላም የሬድ ሪቨርን የስንዴ ሜዳ ያዙ። ለእኛ አንባቢ ደስ የሚለው ነገር ሁለቱም ሕዝቦች እንደኛው በአባት ስም ይጠሩ የነበሩ መሆናቸው ነው። የአንደርስ ልጅ አንደርሰን ነበር፤ የልጁ ልጅ ግን ሌላ ስም ይይዝ ነበር። አሜሪካ ግን የማይለወጥ የቤተሰብ ስም ጠየቀቻቸው። አንዱ መንደር በአንደርሰንና በጆንሰን ተሞልቶ ደብዳቤ የሚሳሳትበት ሆነ። ኖርዌዮቹ ለመለየት የትውልድ እርሻቸውን ስም ሲይዙ፣ ሌሎቹ አዲስ ስም አወጡ። የቤተሰብ ሐረግ የሚፈልግ ሰው ዛሬም የሚሰናከለው እዚሁ ላይ ነው።

የከሸፈው ሰፈራ ከተሳካው ይልቅ ያስተምራል። የሴንት ፖሉ ጳጳስ ጆን አየርላንድ በ1876 የካቶሊክ የሰፈራ ቢሮ አቋቁመው ከባቡር ድርጅቶች ጋር በመዋዋል ምዕራብ ሚኔሶታ ላይ ደ ግራፍ፣ ክሎንታርፍ፣ ግሬስቪልና ሌሎች ሰፈሮችን መሠረቱ። መጀመሪያ የመጡት በአሜሪካ የቆዩና መቋቋሚያ ገንዘብ የያዙ ስለነበሩ ጸኑ። በ1880 ግን ከአየርላንድ ድሃ ጠረፍ ከኮኔማራ ወደ 300 ሰው በቀጥታ ግሬስቪል መጣ። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ 160 ኤከር፣ ቤት፣ ዘርና ልብስ በብድር ተሰጠ። ችግሩ ከቀኑ ይጀምራል፤ የደረሱት ሰኔ ላይ፣ የዘር ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው። ሁለተኛው ሙያ ነው። ዓሣ በማጥመድና በድንጋያማ ቁራሽ መሬት ድንች በመትከል የኖሩ ሰዎች የሜዳውን ድንግል መሬት መገመስ አያውቁም። የሣሩ ሥር እንደ ምንጣፍ የተጠላለፈ በመሆኑ ልዩ ማረሻና ብዙ ጥማድ በሬ ይፈልጋል። ሦስተኛው ብርዱ ነው፤ በዚያ ዓመት የበረዶ ማዕበል ገና በጥቅምት አጋማሽ ወረደ፣ ድንቹ ቀዘቀዘ፣ የሳንቃው ቤት አላሞቀም። ጋዜጦች ጉዳዩን ሲያጋግሉት የሰፈራው ስም ጠፋ። በቀጣዩ ጸደይ አብዛኞቹ ሴንት ፖል ገብተው ጳጳሱ በባቡር ሐዲድ ሥራ አስቀጠሯቸው፤ የሰፈሩበት ወንዝ ዳርም «ኮኔማራ ፓች» ተባለ።

በሰሜን ያለው የብረት ማዕድን ቀበቶ ሌላ ዓለም ነው። ከቨርሚሊዮን በ1884፣ ከሜሳቢ በ1892 የመጀመሪያው ማዕድን ሲጫን ፊንላንዶች፣ ስሎቬኖች፣ ክሮአቶች፣ ጣልያኖች፣ ሰርቦች ጎረፉ። ፊንላንዶቹ ቦታ ሲይዙ መጀመሪያ የሚሠሩት ሳውናውን፣ ማለትም የእንፋሎት መታጠቢያ ቤቱን ነው። ግንድ በግንድ ላይ ደርበው፣ የድንጋይ ምድጃ አስገብተው፣ መኖሪያ ቤቱ እስኪያልቅ እዚያው ያድራሉ፤ ሴቶችም የሚወልዱት እዚያ ነበር፤ ሙቅ ውኃ ያለበትና ንጹሑ ክፍል እሱ ስለሆነ። በ1907 የማዕድን ሠራተኞች ሲያድሙ ግንባር ቀደሞቹ ፊንላንዶች ነበሩ። ኩባንያዎቹ ከደቡብ አውሮፓ አዲስ የመጡ ሰዎችን አስገብተው አድማውን ሰበሩና ፊንላንዶችን በጥቁር መዝገብ አሰፈሩ። የተባረሩት ደን የተመነጠረበትን ጠፍ መሬት ገዝተው አረሱ፣ የራሳቸውን የኅብረት ሥራ ሱቅ ከፈቱ። በ1908 ደግሞ ዱሉት ላይ የመንግሥት ዐቃቤ ሕግ ፊንላንዶች «ሞንጎል እንጂ ነጭ አይደሉም» ብሎ ዜግነት እንዲከለከሉ ተከራከረ። የዘመኑ ሕግ ዜግነት የሚሰጠው ለነጭና ለአፍሪካ ተወላጅ ብቻ ነበር። ዳኛው ዊልያም ካንት ክርክሩን ውድቅ አደረጉት። ከጀርባ የነበረው ግን ዘር ሳይሆን ከፊንላንዶቹ መካከል የነበሩት ሶሻሊስቶች ነገር ነው ብሎ መጠርጠር አያስፈርድም።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ጥርጣሬው ወደ ጀርመኖች ዞረ። በ1917 የተቋቋመው የሕዝብ ደኅንነት ኮሚሽን፣ የጦር ምልመላ ተቃዋሚዎች በተሰበሰቡበት መድረክ ስለተናገሩ የኒው አልምን ከንቲባና የከተማውን ጠበቃ ከሥራ አነሣ። በ1918 መጀመሪያም ዜጋ ያልሆነ ሁሉ ከነንብረቱ እንዲመዘገብ አዘዘ። ጀርመንኛ ከትምህርት ቤትና ከስብከት መጥፋት የጀመረው ያኔ ነው። ከየአገሩ የሚገባውን ሰው ቁጥር የገደበው የ1924ቱ የኮታ ሕግ ሲጨመርበት ከአውሮፓ የሚመጣው ጅረት ደረቀ።

ከዚያ በኋላ ያለው ግማሽ ምዕተ ዓመት በአብዛኛው የማፍረስ ታሪክ ነው። ሴንት ፖል ውስጥ ስዊድ ሆሎው የተባለው ገደል ከስዊድኖች ወደ ጣልያኖች፣ ከጣልያኖች ወደ ሜክሲኮዎች እየተላለፈ ቧንቧ ሳይገባለት፣ መጸዳጃ ቤቱ በጅረቱ ላይ በግንድ ቆሞ ኖረ። በ1956 ምንጩ ተበክሏል ተብሎ ከተማው አቃጠለው። ጥቁር አሜሪካውያን የሚኖሩበት ሮንዶ በአውራ ጎዳና ግንባታ መሐል ለመሐል ተሰንጥቆ ከ600 በላይ ቤተሰብ ቤቱን አጣ። በሚሲሲፒ ዳር ሜዳ ላይ አይሁዶች ኋላም ስኳር የሚወጣበትን የቀይ ሥር ዓይነት (ሹገር ቢት) ሊነቅሉ የመጡ ሜክሲኮዎች የኖሩበት ዌስት ሳይድ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለኢንዱስትሪ ቦታ ተብሎ ፈረሰ። ነዋሪው ሲለምነው የኖረው የጎርፍ መከላከያ ግንብ የተሠራው ነዋሪው ከወጣ በኋላ ነው።

አዲሱ ምዕራፍ ከላኦስ ይጀምራል። አሜሪካ እዚያ ባካሄደችው ስውር ጦርነት ከስለላ ድርጅቷ ከሲአይኤ ጎን የተዋጉት፣ ሞንግ የተባሉት ሕዝቦች ከ1975 መጨረሻ ጀምሮ መጡ። መንግሥት በየግዛቱ በትኖ ሊያሰፍራቸው አስቦ ነበር፤ እነሱ ግን በ18 ጎሳ የተዋቀሩና ቀብራቸው ሦስት አራት ቀን የሚፈጅ በመሆኑ ያለ ዘመድ መኖር አይሆንላቸውም። ከየቦታው ተነሥተው ሴንት ፖል ተሰበሰቡ። በ2004 ታይላንድ ያለው የዋት ታም ክራቦክ ካምፕ ሲዘጋ ተጨማሪ ወደ 5 ሺህ ሰው መጣ። በ2002 ሚ ሙዋ ለግዛቷ ሴኔት ስትመረጥ በአሜሪካ በአንድ ግዛት የሕግ አውጪ ምክር ቤት የገባች የመጀመሪያዋ ሞንግ ሆነች። ገበሬዎቻቸው የከተማውን የአትክልት ገበያ ሲይዙት አንድ እንቅፋት ነበረባቸው፤ መሬት የሚከራዩት ለአንድ ዓመት ብቻ ስለሆነ ፍሬ ለመስጠት ዓመታት የሚፈጅ ተክል አይተክሉም፣ አፈሩንም አያዳብሩም። በ2011 የተቋቋመው የሞንግ ገበሬዎች ማኅበር ከከተማው ደቡብ 155 ኤከር ይዞ ለረጅም ጊዜ እያከፋፈለ ይህን አቃለለው።

ሶማሌዎችን ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የሳባቸው ፋብሪካ ነው። ሚኔሶታ ተርኪ የሚባለውን ትልቅ ዶሮ በማርባት ከአሜሪካ አንደኛ ናት። ማርሻልን በመሰሉ ትንንሽ ከተሞች ያሉ የሥጋ ፋብሪካዎች እንግሊዝኛ ሳይጠይቁ ይቀጥሩ ነበር። ሥራው ቀላል አይደለም። ሥጋው የሚያልፍበት ቀበቶ በፍጥነት ይሄዳል፣ ክፍሉ ይቀዘቅዛል፣ እጅ በተደጋጋሚ እንቅስቃሴ ይጎዳል፤ የሶላት ሰዓትና የዕረፍት ሰዓት አለመግጠምም የዘወትር ውዝግብ ነው። ገንዘብ ያጠራቀመው ወደ ሚኒያፖሊስ፣ ወደ ሴዳር ሪቨርሳይድ ገባ። ይህ ሰፈር ከመቶ ዓመት በፊት የስካንዲኔቪያ ሠራተኞች የሚጠጡበትና ቲያትር የሚያዩበት ነበር። በ1973 የተከፈተውና 1,303 መኖሪያ ያለው ሪቨርሳይድ ፕላዛ የተሠራው ለ30 ሺህ ነዋሪ የታቀደ ትልቅ ከተማ መጀመሪያ ሆኖ ሳለ ዕቅዱ ቆመ፤ ኪራዩ ዝቅ ስላለ ስደተኛው ሞላው። ሶማሌዎች ወለድ ስለማይበሉ ለንግዳቸው ብድር ሲቸግራቸው፣ አበዳሪው ዕቃውን ራሱ ገዝቶ ትርፍ ጨምሮ በየወሩ የሚከፈል አድርጎ የሚሸጥበት መንገድ ተዘረጋ። በ2018 ኢልሃን ኦማር ለኮንግረስ ተመረጠች፤ በ2023 ሚኒያፖሊስ አምስቱም ወቅት አዛን በድምፅ ማጉያ እንዲሰማ ፈቀደች።

ኦሮሞዎች ብዙዎቹ በሱዳን፣ በሶማሊያና በኬንያ ካምፖች በኩል አልፈው የመጡ ናቸው። የኦሮሞ ኮሚዩኒቲ በ1985 ሲቋቋም ከቀደምቶቹ የአፍሪካ ስደተኛ ማኅበራት አንዱ ነበር፤ ግዛቷንም «ትንሿ ኦሮሚያ» የሚሏት አሉ። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በሐምሌ 2018 የአሜሪካ ጉዟቸውን የደመደሙት በሚኒያፖሊሱ ታርጌት ሴንተር ነው። የጋምቤላ አኙዋኮች ደግሞ ኦስቲንንና ዎርዚንግተንን በመሳሰሉ የሥጋ ፋብሪካ ከተሞች ሰፍረዋል፤ ታኅሣሥ 2003 ጋምቤላ ውስጥ የደረሰውን ግድያ ለዓለም ካሰሙት መካከል እነሱ ነበሩ። አማርኛ ተናጋሪውም በመንታዎቹ ከተሞች፣ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል፣ አብያተ ክርስቲያናቱንና ገበያውን አቋቁሟል።

በስደተኛነት የመጣና በዲቪ የመጣ ሰው አንድ አውቶቡስ ውስጥ ቢቀመጡም መነሻቸው ለየቅል ነው። ስደተኛው በተለመደው አሠራር በተረካቢ ድርጅት ተይዞ በመጀመሪያዎቹ ወራት ቤት፣ የጤና ምርመራና የሶሻል ሴኪዩሪቲ ቁጥር ይመቻችለታል። የአውሮፕላኑን ዋጋ ግን ወለድ በሌለው ብድር ስለወሰደው ከወራት በኋላ ይከፍላል። ዓመት ሲሞላው ግሪን ካርድ ይጠይቃል። ባለ ዲቪው ትኬቱን ራሱ ገዝቶ፣ የሚቀበለው ዘመድ ከሌለው ሜዳ ላይ ነው። ቤተሰብ ለመጥራት ዋናው መሰናክል የስምና የልደት ቀን አለመጣጣም ነው፤ ካምፕ ውስጥ ልደታቸው ጥር 1 ተብሎ የተሞላ ስንቱ ናቸው። በ2008 አዲስ አበባን ጨምሮ በአፍሪካ ከተሞች የተደረገ የዲኤንኤ ምርመራ ብዙ ቤተሰብ በደም እንደማይገናኝ ስላሳየ ቤተሰብ የሚያገናኘው አንዱ ፕሮግራም እስከ 2012 ተዘግቶ ቆየ። ሐሰት የነበረበት የለም አይባልም፤ ነገር ግን የሟች ወንድሙን ልጅ እንደ ልጁ ያሳደገ ሰውም ከዚያው ጋር ተደምሮ ቀረ።

የማኅበረሰቦቹን ቁጥር የሚፈልግ ሰው መዝገቡ የሚጠይቀውን ማወቅ አለበት። ከአንደኛው ጦርነት በፊት ስሎቬኖች ብዙ ጊዜ «ኦስትሪያ»፣ ፊንላንዶች አንዳንዴ «ሩሲያ» ተብለው ይገኛሉ፣ የትውልድ አገር ተብሎ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው የገዢው መንግሥት ስም ስለነበረ። ዛሬ ደግሞ የቆጠራ ቢሮው የቋንቋ ሠንጠረዥ አማርኛን፣ ሶማልኛንና ሌሎች የአፍሮ-እስያ ቋንቋዎችን በአንድ መደብ ያስቀምጣል። ሚኔሶታ ላይ በዚያ መደብ የሚታየው ቁጥር በአብዛኛው የሶማልኛ ተናጋሪ ነው፤ ኦሮምኛም እዚያው ውስጥ ነው። በትውልድ አገር ከተፈለገ ኦጋዴን የተወለደ ሶማሌ፣ ኦሮሞውና አኙዋኩ ሁሉም «ኢትዮጵያ» ሥር ይገባሉ፤ ሚኒያፖሊስ የተወለዱ ልጆቻቸው ደግሞ ጨርሰው አይታዩም። ስለዚህ ኮሚዩኒቲዎቹ የሚናገሩት ቁጥር ከቆጠራ ቢሮው እጥፍ ቢበልጥ አንዱ ዋሽቷል ማለት አይደለም፤ መጀመሪያ ልጆቹ ተቆጥረው እንደሆነ ማየት ነው።