ጊዜያዊ ርክክብ ምንድን ነው?

ጊዜያዊ ርክክብ አሠሪ፣ አማካሪና ተቋራጭ ሕንፃውን አብረው ዞረው ካዩ በኋላ፣ ሥራው በውሉ መሠረት ለአገልግሎት መድረሱንና የቀሩትን ጉድለቶች በቃለ ጉባኤ የሚፈራረሙበት ነው። በቃለ ጉባኤው ላይ ከሁሉም የሚከብደው ቀኑ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመዘግየት ቅጣት መቆጠሩ ያቆማል፣ የሕንፃው ጥበቃና ኃላፊነት ወደ አሠሪው ይዞራል፣ የጉድለት ማረሚያው ጊዜ (በብዙ ውሎች 365 ቀን) ይጀምራል፣ ከሪቴንሽኑም (ከተቋራጩ ክፍያ ለዋስትና ተቀንሶ ከተያዘው ገንዘብ) ግማሹ ይለቀቃል። ውሉ 80 ሚሊዮን ብር፣ ሪቴንሽኑ 5 በመቶ ቢሆን፣ ከተያዘው 4 ሚሊዮን 2ቱ በዚህ ፊርማ ይሄዳል። ሠራተኛውን ወደ ሌላ ሳይት ያዞረን ተቋራጭ መልሶ የሚያመጣው የቀረው 2 ሚሊዮን ብቻ ነው። አሠሪው ተከራይ ስለያዘ «ፈርምልኝ» ብሎ ሲያጣድፍ አማካሪው አርክቴክት ይህን ሒሳብ ያሳየው።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ወሩም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ካዛንቺስ ያለ ባለ 9 ፎቅ ሕንፃ በጥቅምት ቢረከቡት፣ ጣሪያው የክረምቱን ከባድ ዝናብ ሳያይ ስምንት ወር ገደማ ያልፋል። ክረምቱ የሚደርሰው የማረሚያው ዓመት ሊያልቅ ሲል ነው። ስለዚህ ክረምትን መጠበቅ አያስፈልግም፦ የጠፍጣፋ ጣሪያውን መውረጃዎች ደፍኖ 5 ሴንቲ ሜትር ውሃ ማቆርና ለ48 ሰዓት መተው፣ ከዚያ ከታች ሆኖ ኮርኒስ ያልተገጠመበትን ሶሌታ (የኮንክሪት ጣሪያ ወለል) ማየት። መጸዳጃ ቤቶችም እንዲሁ ለ24 ሰዓት። ኮርኒሱ ቀድሞ ከተዘጋ ፍተሻው ግማሽ ዋጋውን አጥቷል፤ እርጥበቱ የሚታየው ከወራት በኋላ፣ ቀለሙ ሲያብጥ ነው።

ጀነሬተሩን ማስነሳት ብቻ አይበቃም። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩ በታርጋው ላይ የተጻፈውን ኪሎ ቮልት አምፒር ላይሰጥ ይችላል። ሊፍቱንና የውሃ ፓምፑን አንድ ላይ አስነስቶ ማየት ነው።

የጉድለት ዝርዝሩ፣ በሳይት ቋንቋ ስናግ ሊስቱ፣ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በአጻጻፉ ነው። «4ኛ ፎቅ መጸዳጃው ችግር አለው» ብሎ መጻፍ ለክርክር በር መክፈት ነው። እንዲህ ይጻፍ፦ «4ኛ ፎቅ፣ የሴቶች መጸዳጃ ቁጥር 2፤ ውሃው ወደ ፍሎር ድሬኑ አይወርድም፣ በሩ ሥር ይተኛል፤ ሴራሚኩ ተነስቶ ተዳፋቱ ይስተካከል፤ 10 ቀን»። ፎቶ ይያያዝ። ሴራሚኩን በሳንቲም መታ መታ ማድረግም አይናቅ፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ሥሩ ሞርታር አልያዘም። ዝርዝሩ ላይ ጥቃቅን ነገር ብቻ ይግባ። ሊፍቱ ካልሠራ ወይም ጣሪያው ካፈሰሰ ርክክቡ ራሱ ይተላለፋል።

አዝ ቢልት ፕላንን (ሕንፃው በእርግጥ እንዴት እንደተሠራ የሚያሳየውን ፕላን) በተመለከተ የታወቀ ብልሃት አለ፦ የዲዛይኑ ፕላን ርዕሱ ብቻ ተቀይሮ ይመጣል። ማጣሪያው ቀላል ነው። ሦስት ማንሆል (የፍሳሽ መስመር መፈተሻ ጉድጓድ) አስከፍቶ ጥልቀታቸውን ለክቶ ከፕላኑ ጋር ማስተያየት። በፕላኑ ላይ የተጻፉት ጥልቀቶች ፍንክች ሳይሉ ከዲዛይኑ ጋር ገጥመው፣ ከተለካው ግን ከተለዩ፣ ፕላኑ የተሠራው ቢሮ ውስጥ ሳይሆን አይቀርም።

ቃለ ጉባኤው የመጠቀሚያ ፈቃድን አይተካም፤ ያ ከከተማው የግንባታ ፈቃድ መሥሪያ ቤት ለብቻው ይጠየቃል።

የማረሚያው ጊዜ ከማለቁ 30 ቀን ገደማ ሲቀረው ሕንፃው እንደገና ይታይና ጉድለቱ በደብዳቤ ይገለጽ፤ በቃል የተነገረ አይቆጠርም። ከዚያ የመጨረሻ ርክክብ ይፈረማል፣ ቀሪው ሪቴንሽንም ይለቀቃል። ፋይሉ ግን አይጣል፦ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3039 መሠረት ተቋራጩ ለሥራው ደህንነትና ጥንካሬ ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ ነው።